በሙቀት የበሰለ ፊት ያለው አኮስቲክ ጊታር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አኮስቲክ ጊታር ለመግዛት የሚያማርጥ ሰው ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ አንድ አዲስ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ከጊታር ሠሪ ኩባንያዎች ማርቲን «ቪ ቲ ኤስ» ይለዋል፣ ያማሃ «ኤ አር ኢ»፣ ኢባኔዝ «ቴርሞ ኤጅድ»፣ ቡርዥዋ «ኤጅድ ቶን»፣ ሌሎች ደግሞ በደፈናው «ቶረፋይድ»። ዝርዝሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፤ የጊታሩ ፊት (የድምፅ ቀዳዳው ያለበት፣ ከክሩ ሥር ያለው ገጽ) የሚሆነው ጣውላ ገና ጊታር ሳይሆን በጣም ጥቂት ኦክስጅን ባለበት እቶን ውስጥ ይበስላል። ስለዚህ ነገር ከሚነገረው ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ደግሞ የሻጭ አፍ። ሁለቱን መለየት ገንዘቡን ለሚያወጣው ብቻ ሳይሆን ጊታሩን ለዓመታት ለሚጠብቀውም ይጠቅመዋል።

እንጨቱ ላይ የሚደረገው ምንድን ነው?

ጣውላው እቶን ውስጥ ከገባ በኋላ መጀመሪያ በውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ እንዲወጣ ይደረጋል። አየሩ ተመጥጦ ይወጣል፣ ወይም በእንፋሎት አለዚያም በናይትሮጅን ይተካል። ከዚያ ሙቀቱ ወደ 160፣ ወደ 180፣ አንዳንድ ጊዜም ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣና ለሰዓታት ይቆያል። የሚያቀጣጥለው ኦክስጅን ስለሌለ እንጨቱ አይነድም። በመጨረሻ በዝግታ ይቀዘቅዛል፤ ክው ብሎ ደርቆ እንዳይሰባበርም ጥቂት እርጥበት ይመለስለታል። ዲግሪውንና ሰዓቱን ሠሪዎቹ ለራሳቸው ይይዙታል። ጥቂት አልፎ መሄድ ጣውላውን ስለሚያበላሸው ምስጢር ማድረጋቸው አይፈረድባቸውም።

እንጨት በዋናነት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። ሴሉሎስ ረጅሙና ጠንካራው ቃጫ ነው። ሊግኒን ቃጫዎቹን አያይዞ የሚያቆም ነው። በሁለቱ መካከል ሄሚሴሉሎስ አለ፤ ከሦስቱ ይበልጥ ውኃ የሚወደው እሱ ነው። ሙቀቱ ቀድሞ የሚያፈርሰው ይህንኑ ሄሚሴሉሎስ ነው። ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፣ ማለትም ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘውን አሲድ። ከእቶን አዲስ የወጣ ጣውላ ጭስ ጭስ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚለው ሽታም ከዚህ ሁሉ መፈራረስ የመጣ ነው። ከእንጨቱ ሙጫ ውስጥ የሚተነው ተንኖ ይሄዳል፣ የቀረው ይጠጥራል። ሴሉሎሱ ግን በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። የሚወጣው ጣውላ ቡናማ፣ በመጠኑ የቀለለ፣ ውኃ ለመጠጣት የማይቸኩል ይሆናል።

በደንብ ከደረቀ ተራ እንጨት በምን ይለያል?

ተራ ማድረቅ ውኃን ማስወጣት ብቻ ነው። እንጨቱ እርጥብ አየር ባገኘ ጊዜ ያንኑ ውኃ መልሶ ይጠጣል፣ ያብጣል። በሙቀት መብሰል ግን የእንጨቱን ተፈጥሮ ይለውጣል። በፀሐይ የደረቀ ሸክላ ውኃ ሲያገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ በእሳት የተተኮሰው ጀበና ግን ወደ ጭቃነት አይመለስም። የሁለቱ እንጨቶች ልዩነትም ይኸው ነው። እርግጥ የበሰለ እንጨትም ጨርሶ ውኃ አይነካውም ማለት አይደለም። በአንድ ዓይነት አየር ውስጥ የሚይዘው እርጥበት ካልበሰለው ያንሳል፤ በከፍተኛ ሙቀት የበሰለ ከሆነ ልዩነቱ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል።

ለምን ፊቱን ብቻ?

ክር ብቻውን አየር የማንቀሳቀስ አቅም የለውም። ንዝረቱን በብሪጁ፣ ማለትም ክሩ ፊቱ ላይ በሚታሰርበት እንጨት፣ በኩል ወደ ፊቱ ያስተላልፋል፤ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላው ያ ስስ ጣውላ ነው አየሩን መትቶ ድምፅ የሚያደርገው። ስለዚህ ለውጥ ከተደረገ እዚያ ላይ ሲደረግ ይሰማል። አንዳንድ ሠሪዎች ከፊቱ ሥር የሚለጠፉትን ደጋፊ ዘንጎችም ያበስላሉ፤ ማርቲን በቪ ቲ ኤስ ጊታሮቹ ላይ ይህን ያደርጋል። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ደግሞ ነገሩ የታወቀው በአንገት ነው፤ ሜፕል ከተባለው እንጨት የተሠራ የበሰለ አንገት በአየር ለውጥ ቶሎ ስለማይጎብጥ ብዙዎች ይመርጡታል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከሙዚቃ አይደለም። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቪ ቲ ቲ በተባለው የምርምር ተቋማቸው አማካይነት አሠራሩን አጥንተው «ቴርሞውድ» የሚል ስም ሰጡት። የፈለጉት ለሳውና (ለሙቀት መታጠቢያ ክፍል)፣ ለቤት ውጫዊ ግድግዳና ለበረንዳ ወለል የሚሆን፣ ያለ ኬሚካል የማይበሰብስና የማይጣመም እንጨት ነበር።

ጊታር ሠሪዎችን የሳባቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአኮስቲክ ጊታር ዓለም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠሩት የማርቲን ጊታሮች እንደ ቅርስ ይቆጠራሉ። የብዙዎቹ ፊት አዲሮንዳክ ከሚባለው የምሥራቅ አሜሪካ ቀይ ስፕሩስ ነው። ስፕሩስ በቀዝቃዛ አገር የሚበቅል፣ ቅጠሉ መርፌ የመሰለ፣ ከጥድ ጋር የሚዛመድ ዛፍ ነው። ትልልቁ አዲሮንዳክ ተቆርጦ ሲመናመን ማርቲን በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲትካ ወደሚባለው ሌላ የስፕሩስ ዓይነት ዞረ። የቀሩት አሮጌ ጊታሮች ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ሠሪዎችም «ያ ድምፅ ከዕድሜው የመጣ ከሆነ ዕድሜውን ማፋጠን ይቻል ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው መሠረት አለው። እንጨት ሲያረጅ በእርግጥ ይለወጣል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ጂሮ ኮሃራ ከሆርዩጂ ቤተ መቅደስና ከሌሎች ጥንታዊ ሕንፃዎች የተገኘ የሂኖኪ (የአንድ የጃፓን ዛፍ) እንጨት መርምሮ፣ ጥንካሬው ከተቆረጠ በኋላ ለ200 ዓመት ያህል እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በዝግታ እንደሚወርድ አሳይቷል። በዕድሜ ብዛት ሄሚሴሉሎሱ ይመናመናል፣ የሴሉሎሱ የክሪስታል (በሥርዓት የተደረደረው) ድርሻ ከፍ ይላል። እቶኑም የሚያደርገው ለዚህ የተጠጋ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ማርቲን ቪ ቲ ኤስን አወጣ፤ ያማሃ ኤ አር ኢን በኤል ተከታታዮቹ ላይ አደረገ፤ ቴይለርም በ2015 ባደሰው የ600 ተከታታይ የሜፕል ጊታሮቹ ላይ የበሰለ ሲትካ ተጠቀመ።

ድምፁ በእርግጥ ይለወጣል?

ይለወጣል። ምን ያህል የሚለው ነው አከራካሪው።

ጊታር ሠሪ ከፊት ጣውላ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ክብደቱ እንዲቀል፣ በርዝመቱ አቅጣጫ ገትር እንዲል፣ ንዝረትን ውጦ እንዳያስቀር። መብሰሉ ክብደቱን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ግትርነቱን ብዙም አይነካውም፤ የውስጥ ፍትጊያውን ደግሞ ይቀንሳል። እኔ ከሦስቱ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለመጨረሻው ነው። እንጨት ውስጥ ያለ ውኃ ንዝረትን ወደ ሙቀት ለውጦ ይበላል። ውኃው ሲያንስ የሚበላው ያንሳል፣ ኖታው ረዘም ብሎ ይቆያል፣ ጥፍር ወይም ፒክ ክሩን የነካበት ቅጽበትም ጥርት ብሎ ይሰማል። ተጫዋቾች «አዲስ ሆኖ ሳለ የተከፈተ ድምፅ አለው» የሚሉት ይህንን ነው።

ነገር ግን ሁለት ጣውላ ከአንድ ግንድ ተቆርጠው እንኳ አይመሳሰሉም። ሠሪው ፊቱን ያሳሳበት ልክ፣ ከሥሩ ያሉትን ዘንጎች የቀረጸበት መንገድ፣ የጊታሩ ቅርጽ፣ የክሩ ዓይነት፣ እነዚህ ሁሉ ከመብሰሉ የማያንስ ሥራ ይሠራሉ። ጎበዝ ሠሪ ጣውላውን በእጁ ይዞ፣ አንኳኩቶና አጉብጦ ውፍረቱን ይወስናል። ሁሉንም በአንድ ልክ የሚቆርጥ ፋብሪካ የበሰለውንም ባልበሰለው ልክ ከቆረጠው ከጥቅሙ ከፊሉ እዚያው ይቀራል።

ጆሯችንም በዓይናችን ይታለላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ ስድስት ጊታሮችን አሠርተው፣ 52 ተጫዋቾች እንዳያዩ ተደርገው እንዲጫወቱባቸው አደረጉ። ውዱንና ርካሹን እንጨት በድምፅ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የጀርባ እንጨትን እንጂ የበሰለ ፊትን አልመረመረም። ሆኖም በስም ብቻ «ይሄ ይበልጣል» ለምንል ሰዎች ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

እንደ ሰማንያ ዓመት ጊታር ይሆናል ማለት ነው?

አይሆንም። አሮጌ ጊታር እንጨቱ ብቻ አይደለም ያረጀው። ቫርኒሹ ሳስቷል፣ ኮላው ደርቋል፣ መገጣጠሚያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ከክሩ ጉተታ ጋር ተላምደዋል። በዚያ ላይ እስከ ዛሬ የቆዩት የተወደዱት ናቸው፤ መጥፎዎቹ ተሰብረው ተጥለዋል። ማወዳደሪያችን የተመረጠ ትውልድ ነው።

አሮጌ ሁሉ ከአዲስ ይበልጣል የሚለውም እርግጠኛ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ውስጥ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ጨለማ መነጽር አድርገው ሦስት አዳዲስና ሦስት ጥንታዊ የጣሊያን ቫዮሊኖችን ሞክረው ነበር። በብዛት የተመረጠው አዲስ ሲሆን፣ በትንሹ የተመረጠው የዝነኛው ጥንታዊ ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪ ሥራ ነበር።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የበሰለ ፊት ከድርቀቱ ያድነኛል?

በከፊል። ለኛ ከድምፁም በላይ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

ጊታር ደስ የሚለው የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን ነው። አዲስ አበባ በክረምት ዝናቡ አየሩን ያረሰርሰዋል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ቀኑ በፀሐይ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በዚህ መመላለስ ያልበሰለ ፊት በክረምት ያብጣል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ክሩ ከፍሬትቦርዱ (ጣት ክሩን ከሚጫንበት የአንገቱ ገጽ) ይርቅና እጅ ያደክማል። በበጋ ይሰረጉዳል፤ ክሩ ዝቅ ብሎ ፍሬቱን (ፍሬትቦርዱ ላይ የተተከለውን ቀጭን ብረት) እየነካ ይንጫጫል። የበሰለ ፊት ይህን መወጣጣትና መውረድ በግልጽ ይቀንሰዋል። ባሕር ማዶ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። በዱባይና በዶሃ ውጪው እርጥብ ሆኖ ሳለ ኤሲ ቤቱን ያደርቀዋል፤ በሚኒሶታና በስቶክሆልም የክረምቱ ማሞቂያ እንዲሁ ነው፤ ዴንቨር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ናት።

ነገር ግን ጀርባው፣ ጎኑ፣ አንገቱ፣ ፍሬትቦርዱና ብሪጁ አብዛኛውን ጊዜ አልበሰሉም። እነሱ እንደ ድሮው ይኮማተራሉ። በእጅዎ አንገቱን ሲያንሸራትቱ የፍሬቶቹ ጫፍ ከቧጨረዎት ፍሬትቦርዱ ደርቆ ተሰብስቧል ማለት ነው፤ ፊቱ ምንም ባይሆንም ጊታሩ ውኃ ጠምቶታል። «ፊቱ የበሰለ ነው» ብሎ እርጥበት መጠበቂያ መተው ትልቅ ስህተት ነው።

የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው የጊታሩ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ። በበጋ ወራት ጊታሩ ካልተጫወቱበት ሳጥኑ ውስጥ ይዋል፤ ግድግዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አይሰቀል። ክዳኑ የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ ከተው ከአንገቱ አጠገብ ያኑሩ፤ ውኃ ጠብ እንዳይል ብቻ ይጠንቀቁ። መለኪያው ከ40 በመቶ በታች ሲያሳይ ስፖንጁን ያርጥቡ፣ ከ60 ሲያልፍ ያውጡት።

180 ዲግሪ የቻለ እንጨት መኪና ውስጥ ቢውል ምን ይሆናል?

እንጨቱ ምንም አይሆን ይሆናል፤ ኮላው ግን ይለቃል። ጊታር የሚጣበቅበት የተለመደው የእንጨት ኮላ 60 ዲግሪ ሲያልፍ መለስለስ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ፣ እዚያ ሊደርስ ይችላል። ክሩ ደግሞ ያለማቋረጥ እየጎተተ ነው። ብሪጁ ይነሣል፣ አንገቱ ወደፊት ያጋድላል። የበሰለም ያልበሰለም ጊታር መኪና ውስጥ አይተው።

ይሰበራል ይባላል። ጥገናውስ?

መብሰል ያለ ዋጋ አይመጣም። ከ200 ዲግሪ በላይ የበሰለ እንጨት የመታጠፍ ጥንካሬው ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊወርድ ይችላል፤ በቃጫው አቅጣጫም ቶሎ ይሰነጠቃል። ሠሪዎች የጊታርን ፊት ለዘብ አድርገው የሚያበስሉት ለዚህ ነው። በአግባቡ የተሠራ ጊታር ላይ ይህ በዕለት ተዕለት አጨዋወት አይታወቅም። ሲወድቅ ወይም ሲመታ ግን ያልበሰለው ተሰርጉዶ በሚያልፍበት ቦታ የበሰለው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጥገና የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው፣ የበሰለ እንጨት ውኃ ስለማይወድ በውኃ የሚሠራ ኮላን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ የሚጣበቀውን ገጽ በዚያው ሰዓት ፋቅ ማድረግና በማጥበቂያ የሚታሰርበትን ጊዜ ማስረዘም ያስፈልጋል። ማርቲን በኦተንቲክ ተከታታዮቹ ላይ የሚጠቀመው ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራውን የጥንቱን ኮላ ነው። ሁለተኛው፣ ብሪጅ ሲነቀል የፊቱ ቃጫ አብሮ ተልጦ ሊመጣ ይችላል፤ ኮላው በሙቀት በደንብ እስኪለሰልስ መታገሥ፣ ቢላዋውንም ከቃጫው አቅጣጫ ጋር እንጂ በተቃራኒው አለመግፋት። ሦስተኛው፣ ጠርዝ ላይ ሲሠሩ በስለት መሣሪያ ብቻ፤ ደነዝ መሣሪያ ይፈረክሰዋል። ስንጥቅ ሲያጋጥም ጥገናው እንደማንኛውም ስፕሩስ ነው፤ ኮላ፣ ከውስጥ በኩልም ትናንሽ የእንጨት ጠጋኞች።

እውነት የበሰለ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከላይ ባለው ቀለም አይደለም። ብዙ ፋብሪካዎች ተራ ስፕሩስ ላይ ወርቃማ ወይም ማር የመሰለ ቀለም ቀብተው አሮጌ ያስመስሉታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ የኖረ የማስዋብ ዘዴ ነው፤ ገዢ ግን ይሳሳትበታል።

የስልክዎን መብራት በድምፅ ቀዳዳው አስገብተው በትንሽ መስታወት የፊቱን የውስጥ ገጽ ይዩ። እዚያ ቫርኒሽም ቀለምም የለም። ያልበሰለ ስፕሩስ ነጣ ያለ ክሬም ነው፤ የበሰለው ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው፣ ምክንያቱም ቀለሙ ጣውላውን ዘልቆ ነው የሚሄደው። ዘንጎቹ ካልበሰሉ ነጭ ሆነው ጎልተው ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ምስክር አያስፈልግም። አዲስ ከሆነ ሽታውም ይነግርዎታል።

ያለኝን ጊታር፣ ወይም ጣውላውን፣ ቤት ውስጥ ማብሰል እችላለሁ?

የተሠራ ጊታርን በፍጹም። ኮላው ይለቃል፣ ቫርኒሹ ይፈላል፣ ጊታሩም አይተርፍም። ጣውላውንም ቢሆን የወጥ ቤት ምድጃ ኦክስጅን አያስወጣም፤ በዚያ ሙቀት እንጨት ሊነድ ይችላል፣ የሚወጣው ጋዝም ለመተንፈስ አይበጅም። አንዳንድ ሠሪዎች ጣውላቸውን 100 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ እንደሚያስገቡ ይሰማ ይሆናል፤ እሱ ማድረቅና ሙጫውን ማጠንከር ነው፣ ሌላ ሥራ።

ሲጫወቱበት ይሻሻላል ወይስ እዚያው ይቆማል?

እንጨቱ መጀመሪያውኑ ብዙ መንገድ ስለሄደ ለውጡ ካልበሰለው ያነሰ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የቀረው የጊታሩ አካል ግን እንደማንኛውም ጊታር ይላመዳል። ለክር ምርጫ የተለየ ሕግ የለውም።

ተጨማሪ ገንዘብ ላውጣበት?

ጊታሩን በምን መልኩ እንደሚጠቀሙበት ይወስነዋል። ቤት ውስጥ ወይም በማይክሮፎን ፊት ለፊት የሚቀርጹ ከሆነ ልዩነቱን ያገኙታል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመድረክ ከብሪጁ ሥር ባለ ፒካፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ መሣሪያ) በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚገባ ከሆነ ግን አብዛኛው ውበት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ያን ገንዘብ ጥሩ ፒካፕ ላይ ማዋል ይሻላል።

ምርጫዎ በኮምፔርሳቶ ፊትና በአንድ ወጥ ጣውላ ፊት መካከል ከሆነ መብሰሉን እርሱትና ወጡን ጣውላ ይግዙ። ያ ዝላይ ከዚህኛው እጅግ ይበልጣል። ጊታሩ የሚውለው ሕፃናት በሚማሩበት፣ እርጥበቱን ማንም በማይቆጣጠርበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ኮምፔርሳቶው ራሱ ድርቀትን የሚችል ታማኝ ምርጫ ነው፤ አያፍሩበት።

አቅሙ ኖሮዎት የበሰለና ያልበሰለ ጎን ለጎን የሚያወዳድሩ ከሆነ የሁለቱም ክር አንድ ዓይነትና እኩል አዲስ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያረጀ ክር ከየትኛውም እንጨት በላይ ድምፅ ይለውጣል። ጀርባዎን ሰጥተው ሌላ ሰው እያፈራረቀ ይጫወትልዎት፤ የትኛው እንደሆነ አይንገርዎት። አንዱን ክር ብቻ መትቶ እስኪጠፋ ይተወው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ አጥብቆ ይምታ። ደጋግመው አንዱን ከመረጡ ይግዙት። ምርጫዎ ከተቀያየረ ርካሹን ወስደው በተረፈው ብር ጠንካራ ሳጥንና የእርጥበት መለኪያ ይግዙበት።